ከሣሩ በታች የኖረው ሉበርት ዊረንጋ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ሲያበቃ ምን ያህል ነው? ፍልስፍና በማስተምርበት ዘመን ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ ለተማሪዎቼ እወረውረው ነበር። አንዱ ሥራው ነው ይለኛል፤ ሌላዋ የወደዱት ሰዎች ናቸው ትላለች፤ ከኋላ ተጋድሞ የተቀመጠው ደግሞ «ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ብሎ ክፍሉን ያስቃል። አሁን ተማሪ የለኝም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ጡረታ አልወጣም። በመጣብኝ ቁጥር ደግሞ በዓይኔ ላይ የሚሄደው ካነበብኳቸው ታላላቅ አሳቢዎች አንዱ ሳይሆን የእህቴ ባል ሉበርት ዊረንጋ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በፋብሪካ የወንበር እግር ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። ከአፉ ከወጣው ቃል ሁሉ የከበደችው አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ እሷም ውሸት ነበረች።

ሉበርት ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ነበር። የፋብሪካው ጓደኞቹ «ሉበርት እንደምን አደርክ ካለህ ለሳምንት ይበቃሃል» ይሉ ነበር። እኛ ሁላችንም አያቶቻችን ከሆላንድ የመጡ ነን፤ ከግራንድ ራፒድስ ከተማ በስተደቡብ ያለው ጥቁር ረግረግ አባቶቻችንን ሰለሪ የሚባል አትክልት ሲያስተክል ወገባቸውን አጉብጦታል። ዝምታ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ ሥራ ጸሎት ነው፤ ሰንበት ደግሞ ሰንበት ነው። እሑድ ልብስ አይሰጣም፣ ሣር አይታጨድም፣ ጋዜጣም አይገለጥም። ሁለቴ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል፤ ስብከቱ ሲረዝም እናቶች ከቦርሳቸው ሚንት ከረሜላ አውጥተው በየወንበሩ ያሳልፋሉ፤ ሚንቱ አፍ ውስጥ እስኪሟሟ ሰው ስብከቱን ይታገሣል።

ሉበርት ከጦርነቱ ሲመለስ እህቴ ትሪና ከሴት ልጃቸው ከሂልካ ጋር በእናታችን ቤት ፎቅ ላይ በሁለት ጠባብ ክፍል ተጠግታ ነበር የምትኖረው። በዚያ ዘመን ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወንድ ሁሉ ምኞቱ አንድ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሣር ያለው የራሱ ቤት። ቤት ግን አልነበረም። ስለዚህ በእኛ አካባቢ አንድ ዘዴ ተለመደ። ሰው ቁራሽ መሬት ይይዛል፤ ምድር ቤቱን ይቆፍራል፤ ግድግዳውን በብሎኬት ይገነባል፤ ከላይ አግዳሚ ይደረድርና ሬንጅ ያለብሰዋል። ከዚያ ቤተሰቡን ይዞ እዚያ ውስጥ ይገባል። የላይኛውን ቤት አቅም ሲገኝ ያነሳዋል። «አንድ ሁለት ዓመት ነው» ይላል ሁሉም። ሉበርትም እንደዚያ አለ።

ከሜዳው ላይ የሚታየው አንዲት የዶሮ ቤት የምታክል መግቢያ ብቻ ነበረች፤ በሯን ከፍተህ ደረጃውን ትወርዳለህ። ክረምት በረዶው ሲቆለል መግቢያዋም ትጠፋና ጭስ ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። ወተት አመላላሹ ጠርሙሱን ሲያስቀምጥ ጣራውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና «እመት ትሪና! በሕይወት አላችሁ ወይስ ጸሎተ ፍትሐት ላድርስ?» ይላል። መስኮቶቹ ጠባብ ነበሩ፤ ከሣሩ እኩል። ከውስጥ ሆነህ የሚታይህ የሰው እግር ብቻ ነው። ቤተሰቡ ሰውን በጫማው ማወቅ ተማረ። «ፓስተሩ መጡ» ትላለች እህቴ ድንች እየላጠች፤ «የጫማቸው ሶል አልቋል፤ ስብከታቸው ነው የማያልቀው።»

በመጀመሪያ እንደነሱ ከመሬት በታች የሚኖሩ ሌሎችም ነበሩና ነውር አልነበረም። በኋላ ግን ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ፤ ግድግዳ አቆሙ፣ ጣራ መቱ። ቀጥሎ አንድ ሥራ ተቋራጭ የሰለሪውን ማሳ በሙሉ ጠቅልሎ ገዛውና ረግረጉን አድርቆ አንድ ዓይነት ቤቶች በሰልፍ አቆመበት። ሁሉም ሰፊ መስኮት፣ ሁሉም የተከረከመ ሣር፣ ሁሉም መኪና ማቆሚያ አላቸው። በመካከላቸው የሉበርት ጣራ ጉልበት የማይደርስ ጥቁር መድረክ ሆኖ ቀረ። የአዲሶቹ ሰዎች ልጆች ይወጡበትና እየዘለሉ «ፍልፈል! ፍልፈል! ውጣና እንይህ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል። እነሱን አስቀድማ ውጣቸዋለችና መሸሻ አልነበራቸውም።

ለምን አልሠራም? ሰነፍ አልነበረም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋብሪካ ነው። እሑድ ሰንበት ነው። የቀረው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችበት። ምእመኑ ከከተማ ወደ አዲሱ ሰፈር ሲፈልስ ቤተ ክርስቲያኑም ተከትሎት መጣ፤ ሕንፃውን የምንሠራው በገዛ እጃችን ነው ተባለ። ሌላው ወንድ አንድ ቅዳሜ ይመጣል፣ አንድ ቅዳሜ ይቀራል። ሉበርት አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሽማግሌው ወንድም ፔልስማ ነበሩ፤ ደግ ድምፅ ያላቸው፣ እምቢ ለማለት የሚያስቸግሩ ሰው። «ወንድም ሉበርት፣ ያለ አንተ እኮ አይሆንም» ሲሉት ጆሮው ይቀላል፤ አለቀ።

አንድ ቀን እራት ላይ እህቴ እንዲህ አለችው፦

«የጌታ ቤት ጣራ ወጣለት አሉ።»

«ወጣ።»

«የእኛስ?»

«ጌታ ይቸኩላል።»

«እኔስ አልቸኩልም?»

«አንቺ ታጋሽ ነሽ» አላትና የአተር ሾርባውን መጠጣቱን ቀጠለ። ከልቡ ነበር። እሷ ሳቀችና ድስቱን ከገበታው አነሳችው።

በእኛ ልማድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ሁለት እየሆኑ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ቤት ይጎበኛሉ፤ ስለ ነፍሱ ይጠይቁታል። በአንዱ መኸር ወንድም ፔልስማና ሌላ ሽማግሌ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጎንበስ ብለው ደረጃውን ወረዱ። ውጭ ይዘንባል። ከኮርኒሱ የሚንጠባጠበው ውኃ በመካከላቸው በተቀመጠ ድስት ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ስለ ጸሎት ጠየቁ፤ መልስ ተሰጠ። ስለ ሂልካ ትምህርተ ሃይማኖት ጠየቁ፤ መልስ ተሰጠ። ከዚያ ወንድም ፔልስማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድም ሉበርት፣ ይህን ቤት መቼ ነው የምታነሳው? ሰዎች “የእናንተ ምእመን ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚኖረው” እያሉን ነው። ለምስክርነታችን አይበጅም።»

ሉበርት ዓይኑን ድስቱ ላይ ጣለ። እህቴ ግን ቀና አለች። «ታዲያ ቅዳሜውን ይመልሱለታ፣ ወንድም ፔልስማ!»

«ትሪና!» አለ ሉበርት።

«ምን አልኩ? ቅዳሜ ነው ያልኩት፤ ቅዳሜ ስድብ ሆነ እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ተያይተው ሳቁ። «ሴቶች!» አሉ፤ ጸሎት አድርገው ባርኔጣቸውን አነሱና ወጡ። ሉበርት ያን ዕለት ማምሻውን እህቴን አላናገራትም። ሽማግሌዎቹ አላስቀየሙትም፤ እሷ ስለ እሱ መናገሯ ነው ያሳፈረው። ይሉኝታ እንዲህ ነው። ባለዕዳውን ትቶ የተበደለውን ያሸማቅቃል። በፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ ስለ ኅሊና ብዙ አንብቤያለሁ፤ ይሉኝታን ግን በቅጡ የመረመረ አላገኘሁም፤ ምናልባት መርማሪዎቹም ያፍሩ ይሆናል።

ሂልካ በዚያ ምድር ቤት አደገች፤ ቆንጆ ሆነች፤ ከተማ ውስጥ በስልክ ማዞሪያ ሥራ ያዘች። እዚያ ሳለች ሮላንድ ቦስማን ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች። የእኛው ሃይማኖት፣ የእኛው ዘር ነው፤ ግን ከከተማው ምሥራቅ፣ ከኮረብታው ላይ ነው። አባቱ ሃርም ቦስማን መኪና ይሸጣሉ። ልጁ ጨዋ ነበር፤ እሑድ ከማታው አገልግሎት በኋላ በመኪና ያደርሳት ጀመር።

በአንድ የበጋ እሑድ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሉበርት መስኮቱ ሥር የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ይዞ ተቀምጧል። መኪና ሲቆም ሰማ፤ ቀና አለ። መኪናው የቆመው በእነሱ ደጃፍ ሳይሆን በጎረቤታቸው በቬርን ማሎይ ቤት ነው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት። ቡናማ የወንድ ጫማ ወረደ። ነጭ የሴት ጫማ ወረደ። ነጩን ጫማ ሉበርት ያውቀዋል፤ በልደቷ ቀን የገዛላት እሱ ነው። ሁለቱ ጥንድ ጫማዎች ጥቂት ቆሙ። ቡናማው ተመለሰ፤ መኪናው ሄደ። ነጩ ጫማ በማሎይ ቤት በር ፊት ቆሞ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ሣሩን በፍጥነት አቋርጦ ወደ እነሱ መጣ።

ሂልካ ደረጃውን ወረደች። «ገና አልተኛህም አባዬ?»

«ገና ነው።»

«ስብከቱ ረዘመ፤ አይደል?»

«ረዘመ» አለና መጽሔቱን አጠፈ።  ለእህቴ ያየውን የነገራት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ እየተናገረም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ቤቱን ማንሳት ግን የጀመረው በማግስቱ፣ ሰኞ ነው። ከጣራው አጠገብ ለዓመታት ተደርድሮ የደረቀ እንጨት ነበረው። ከፋብሪካ ሲመለስ እራቱን እንኳ ሳይበላ ይወጣና እስኪጨልም ይመታል። ለምን እንደቸኮለ ሂልካ ገብቷታል፤ እሱም እንደገባት ያውቃል፤ ሁለቱም አልተነጋገሩም። መስከረም ሲገባ የሮላንድ ወላጆች ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ቅዳሜ ምሽት መጥተው ከአባቷ ጋር ሊተዋወቁ ነው ተባለ። ሂልካ «ቤታችን እየታደሰ ስለሆነ...» እያለች ስታዘገያቸው ነበር፤ ከዚህ በላይ ማዘግየት አልተቻለም። የጎን ግድግዳዎች ማገር ቆሟል፤ የፊቱ ግድግዳና በሩ ግን ገና ነው።

ሉበርት ወደ ወንድም ፔልስማ ሄደ። በሕይወቱ ሰው ደጅ ሄዶ አንድ ነገር ሲጠይቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። «አንድ ቅዳሜ ልቅር» አላቸው።

«የቤተ ክርስቲያኑ መቀመጫዎች ሳያልቁ?» አሉት፤ «በወሩ መጨረሻ ምረቃ እኮ ነው፣ ወንድም ሉበርት። እነሱ ይለቁና ቅዳሜውን ሁሉ ለራስህ አድርገው።»

«እሺ» አላቸው።

የሚቀጥለው እሑድ ምሳ እነሱ ዘንድ ነበርኩ። በላን፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ አነበበ፤ ጸለየ። ከዚያ ተነሣና የሰንበት ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው። የሥራ ሱሪውን ለብሶ ከመኝታ ክፍል ሲወጣ እህቴ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች።

«ወዴት ነው?»

«ላይ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ሉበርት፣ ሰው ምን ይላል?»

«እስከዛሬ ሲል የኖረውን» አለና ወጣ። ከእሱ አፍ ቀልድ ስሰማ ያ ብቸኛው ነው። እንደ ቀልድ አስቦ ይናገረው እንደሆነም አላውቅም።

መዶሻው ተጀመረ። በእኛ ሰፈር የእሑድ ከሰዓት ጸጥታን ያልኖረበት ሰው የዚያን ድምፅ ክብደት አይረዳውም። ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፤ መጋረጃዎች ገለጥ ገለጥ ይላሉ። ቬርን ማሎይ ካቶሊክ ነው፤ የእኛ ሰንበት አይመለከተውም፤ ሣሩ ላይ ተንጋሎ ቢራውን ይጠጣል። «ኧረ ሉበርት!» ሲል ሰማነው፤ «ገሃነም ቀድመኸኝ ከገባህ ጥላ ያለበት ቦታ ያዝልኝ!»

የመኪና በር ሲዘጋ የሰማነው ያኔ ነው። ሂልካ ወደ መስኮቱ ዘወር አለች። በማሎይ ደጃፍ የሚያብረቀርቅ ጥቁር የወንድ ጫማና ማሰሪያው ላይ ዘለበት ያለው ግራጫ የሴት ጫማ ቆመዋል። ቦስማኖች ነበሩ። በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ሰባኪ ሊሰሙ መጥተው፣ «እግረ መንገዳችንን ድንገት ብቅ ብንልስ» ብለው ኖሯል። በእኛ ዘንድ እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ሳይጠሩ መሄድ ወግ ነው፤ ሂልካ ይህን እንዴት እንደዘነጋች አላውቅም።

«ዊረንጋ?» አለ ቬርን፤ «እዚያ ማዶ ነው። እንጨቱ ላይ ያለውን ሰውዬ ጠይቁት።»

ጫማዎቹ በሣሩ ላይ እየቀረቡ መጡ። መዶሻው ቆመ።

«እንደምን ዋሉ» አለ የወንዱ ድምፅ። «የአቶ ዊረንጋ ቤት ይህ ነው?»

«ነው።»

የሴቲቱ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፤ መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሰማነው። «ሃርም፣ በሰንበት እኮ ነው የሚሠራው።»

«ሠራተኛ ይሆናላ» አላት ባሏ።

  ውሸቱን ያመጡለት እነሱ ናቸው፤ እንደ በርጩማ ከፊቱ አስቀመጡለት፤ ለእሱ የቀረው መቀመጥ ብቻ ነው።

«አዎ» አለ ሉበርት። «ሠራተኛ ነኝ። ሰዎቹ የሉም።»

«በሰንበት ያሠሩሃል?» አሉት አቶ ቦስማን። አንተ አሉት፤ ቅድም እርስዎ ያሉትን ሰው።

«የለም፣ የለም!» አለ ፈጥኖ። «እነሱ አያውቁም። በራሴ ነው የመጣሁት። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«ልጅቱን ታውቃታለህ?» አለች ሴቲቱ።

«አውቃታለሁ።»

«እንዴት ያለች ልጅ ናት?»

«ጨዋ ልጅ ናት፣ እመቤቴ። ጥፋት አይቼባት አላውቅም።»

«አባትየውስ?»

«አባትየው...» አለ ሉበርት፤ «አባትየው ብዙ አይናገርም።»

ከታች እኛ ሦስት ነበርን። እህቴ ሳህኑን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ሂልካ ተነሥታ ወደ ደረጃው ሄደች፤ አንድ እግሯን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አደረገች። እጇ የእጅ መደገፊያውን ይዟል። እህቴ ተመለከተቻት። እኔም ተመለከትኳት። ሂልካ ወደ ላይ አየች፤ የመግቢያው በር ክፍት ነበር፤ ብርሃኑ ነጭ ጫማዋ ላይ ወርዷል። እግሯ እዚያው እንዳለ ቀረ። ጫማዎቹ በሣሩ ላይ ተመለሱ፤ መኪናው ተነሣ፤ ያኔ እግሯን አወረደችው።

ሉበርት ጥቂት ቆይቶ ወረደ። እጁን ታጠበ።

«ሄዱ» አለ።

«ሰማን» አለች እህቴ።

«ደህና ሰዎች ይመስላሉ።»

«ፊታቸው እንዴት ነው?»

አሰበ። «አላየሁትም» አለ። ከላይ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ያየው ጫማቸውን ነበር።

ሂልካ አለቀሰች። «አባዬ፣ እኔ...» አለች። እሱ የሰንበት ኮቱን መልሶ እየለበሰ «ለማታው አገልግሎት እንዳይረፍድብን» አላት።

መዶሻውን ሰው ሁሉ ሰምቶት ነበርና በዚያው ሳምንት በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ተጠራ። እዚያ የሆነውን ከጊዜ በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ፤ አንድም ቃል እንዳልጨመረ አምናለሁ። ቆመና «ሰንበትን ሽሬያለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ጥሩ አሉት። «ግን የከፋው እሱ አይደለም» አለ። «ልጄን ክጃታለሁ። አባቷ አይደለሁም ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወንድም ፔልስማ በዚያ ደግ ድምፃቸው፣ «ወንድም ሉበርት፣ በፊታችን ያለው ጉዳይ የሰንበት ነው። ሌላው የቤት ነገር ነው፤ ለቤት እንተወው» አሉት።

«በምእመኑ ፊት ልናገረው እፈልጋለሁ።»

«ለልጅቱ ስም አይበጅም» አሉት። ይህን ሲሉት ተቀመጠ።

እሑድ ጠዋት ፓስተሩ «አንድ ወንድም ሰንበትን በመሻሩ ተጸጽቶ ይቅርታ ተደርጎለታል» ብለው አነበቡ። አንድ ወንድም ይባል እንጂ ማን እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም፤ ሚንቱም በየወንበሩ አለፈ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ወንዶች በቀጣዩ ቅዳሜ የመቀመጫውን ሥራ ትተው በሞላ ጎደል ሁሉም ወደ እሱ መጡ። ወንድም ፔልስማም እጅጌያቸውን ጠቅልለው ሚስማር ያቀብላሉ። ጠዋት የተጀመረው የፊት ግድግዳ ምሽት ላይ በር ነበረው። ለዓመታት ሳይለምን በዝምታ የጠበቀው ቤት ባፈረበት ሳምንት ቆመ። ሴቶቹ ካም የተሸጎጠበት ዳቦ ይዘው መጡ፤ ሳቅ ነበር፤ ሉበርት ማገሩ ላይ ቆሞ ማንንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ደግነትም አንዳንዴ እንደ ቅጣት ይወርዳል።

በዚያው ምሽት ቦስማኖች ይመጣሉ የተባለው ቀረ፤ ሴትየዋን አሟት ነው ተባለ። ሁለቱ አባቶች ፊት ለፊት የተገናኙት በሂልካና በሮላንድ ሠርግ ቀን ነው። አቶ ቦስማን እጃቸውን ዘረጉ፤ የሉበርትን እጅ ጨበጡና ሳይለቁት ቆዩ። ሻካራውን መዳፍ አዩ፤ ፊቱን አዩ። 

«በመተዋወቃችን ደስ ብሎኛል፣ አቶ ዊረንጋ» አሉ።

«እኔም» አለ ሉበርት።

ሚስትየዋ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። አውቀዋል። ያወቁ መሆናቸውን እሱ አውቋል። ሂልካም አውቃለች። ጨዋ ሰዎች ነበሩና ማንም ምንም አላለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ረጅም ነው፤ ለመናገር ግን አጭር። ልጆች ተወለዱ፤ ገና መጣ፤ ገና ሄደ። ሁለቱ ቤተሰቦች በየዓመቱ አንድ ገበታ ይቀርባሉ። ሮላንድ ለአማቱ አክባሪ ነው፤ ወላጆቹ ነግረውት ይሁን አይሁን እስከዛሬ አላወቅሁም። በአንድ የገና ምሳ አቶ ቦስማን ስለ አዲሱ ጋራዣቸው እያወሩ፣ ሳያስቡት፣ «በዚህ ዘመን ደህና ሠራተኛ ከየት ይገኛል!» አሉ። ሹካ ሁሉ ቆመ። አቶ ቦስማን ከአንገታቸው ጀምሮ ቀሉ። ሉበርት ማንኪያውን አስቀመጠ፤ አፉን ከፈተ፤ ሊናገር ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት፤ እፎይታ የሚመስል ነገር ነበረበት።

«ድንች የሚጨምር ማን ነው?» አለች ሂልካ ጎላ ብላ። «አባዬ፣ ልጨምርልህ?» ጨመረችለት። አፉን ዘጋ፤ ድንቹንም በላ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለውን እኔ ለአጥፊ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለተከባበሩ ሰዎችም ይሠራል። አንዱ የሌላውን እፍረት እየሸፈነ፣ እየሸፈነ፣ መጨረሻ ላይ ከሽፋኑ ሥር ያለው ሰው ይታፈናል። ሉበርትን ከጉድጓድ ያወጣው መዶሻው ነው፤ ጨዋነታችን መልሶ ካወረደው ጉድጓድ ግን የሚያወጣው መዶሻ አልነበረም።

እህቴ ቀድማው ሞተች። እሱ በእንጨት ብናኝ የደከመ ሳንባውን ይዞ ጥቂት ዓመት ቆየ። በመጨረሻው በጋ አልጋውን ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ በሰፊው መስኮት ሥር አደረግንለት። አንድ እሑድ ቦስማኖች ሊጠይቁት መጡ፤ ሁለቱም አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አጠገቡ ጥቂት ተቀምጠው ስለ አየሩ ሁኔታ ተናገሩና፣ ሮላንድ ሻይ እንዲያቀርብላቸው ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ። በሩ ክፍት ነው፤ የኩባያው ድምፅ ይሰማል። ሂልካ ትራሱን ታስተካክላለች። እኔ በእግሩ በኩል ተቀምጫለሁ።

«ሂልካ» አላት።

«አቤት አባዬ።»

«ጥሪያቸው።»

«ማንን?»

«እነሱን። እዚህ ይምጡና በፊታቸው ተናገሪልኝ።»

ሂልካ ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። እጇ ትራሱ ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ አርጅተዋል እኮ። አሁን ምን ይጠቅማል? ያለፈ ነገር ነው።»

«እኔን አላለፈኝም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ፈላስፋው፣ ንገራት እንጂ» አለኝ። እኔም ትንፋሹ እንዳያጥረው ረጋ እንዲል ነገርኩት። «ስለዚህ ነገር ፓስተሩን ጠይቄያቸው ነበር» አለ፤ እሳቸው ደግሞ «ጌታ ሁሉን ያውቃል» ብለውታል። «ጌታ እንደሚያውቅማ እኔም አውቃለሁ» አለ። ከዚያ የሂልካን እጅ ፈልጎ ያዘው፤ ድምፁ ከወጥ ቤቱ ወሬ በታች ነበር።

«ውሸቱ የእኔ ነው በያቸው፤ በእኔ አሳብቢው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እነሱ እየሰሙ፣ ያ ሠራተኛ አባቴ ነው በይልኝ።»

ሂልካ ግንባሩን ሳመችውና ሻይ ያንሳቸው እንደሆነ ልትጠይቅ ተነሥታ ሄደች።